«አይዘጋ!»፦ ራሳቸውን የሚቀሰቅሱ ሰርቨሮች ታሪክ፣ ከጄኔቫ እስከ ወገዳ

እ.ኤ.አ. በ1990 መገባደጃ ላይ፣ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ አንድ ጥቁር ኮምፒዩተር ነበረ። ስሙ ኔክስት ነው፤ የስቲቭ ጆብስ ኩባንያ ያመረተው። የሚሠራበት ሰውዬ ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዛሬ ዌብ የምንለውን ነገር የጀመረው እዚያች ሳጥን ላይ ነው። ታዲያ የዓለምን የመጀመሪያ ዌብ ሰርቨር ከአደጋ ይጠብቅ የነበረው ቴክኖሎጂ ምንድን ነው ብትሉ፣ ወረቀት ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ፣ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት። መልእክቱ ባጭሩ «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት» የሚል ነው። ከቢሮ መጨረሻ የወጣ አንድ ባልደረባ «ይሄን ደግሞ ማን ረስቶት ሄደ?» ብሎ ቢያጠፋው፣ መላው ዌብ (ያኔ መላው ዌብ ማለት አንድ ኮምፒዩተር ነበር) ድርግም ይል ነበር።

በፈረንጆቹ እንዳትስቁ። በእኛ አገር የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ገብቶ፣ ጥግ ላይ ባለ ዴስክቶፕ ላይ «አይዘጋ!»፣ «አይነካ!»፣ ትንሽ የተማረረ ከሆነ ደግሞ «እባካችሁ አይዘጋ!!!» የሚል ወረቀት ያላየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ተከፍቷል፤ ነጫጭ ፊደላት ይወርዱበታል። ያቺ ጥቁር መስኮት ከተዘጋች ሲስተሙ «ዳውን» ነው። ሲስተሙ ዳውን ከሆነ ባለጉዳይ ነገ ይመለሳል። ነገ ደግሞ ያቺን መስኮት መክፈት የሚችለው ልጅ መስክ ወጥቷል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ጥቁር መስኮት ነው። እንዴት መጣች? እንዴትስ እንድትጠፋ ተደረገ? ጉዳዩን ኮምፒዩተር ለሚያጠኑ ብቻ መተው ይቻል ነበር። ግን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ድረስ ይዞን የሚሄድ ጉዳይ ስለሆነ፣ እዚያ ደግሞ ነገሩ የሕፃናት ክትባትና የወባ መድኃኒት ጉዳይ ስለሚሆን፣ እኛም እንቆጣጠረው።

እስቲ ከድግስ እንጀምር።

ሠርግ ቤት ገብታችኋል። ፊታችሁ የሚመጣው አሳላፊው ነው። ያስቀምጣችኋል፣ ውኃ ያቀርባል፣ ዳቦና ጠላ ከፈለጋችሁ እዚያው ከአጠገቡ አለ፤ ወዲያው ይሰጣችኋል። ወጥ ከፈለጋችሁ ግን ወደ ጓሮ ተመልሶ ወጥ ቤቷን ይጠይቃል። ወጥ ቤቷ ደግሞ ቅቤውንና በርበሬውን ከጓዳ ታስወጣለች። አሳላፊው ዌብ ሰርቨር ነው። ወጥ ቤቷ አፕሊኬሽን ሰርቨር ናት። ጓዳው ዳታቤዝ ነው። አሳላፊው ወጥ አይሠራም፤ ወጥ ቤቷም ዳስ ውስጥ ገብታ ከእንግዳ ጋር አትነታረክም። እዚህ ላይ የገባው አንባቢ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይገባዋል።

መጀመሪያ ላይ ግን አሳላፊ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ኤንሲኤስኤ በተባለ ማዕከል ሮብ ማኩል የሚባል ተማሪ አንድ ዌብ ሰርቨር ጻፈ፤ ዓለምም ወደደው። በዚያው ዓመት ሲጂአይ የሚባል ዘዴ መጣ። በሲጂአይ አሠራር አንድ እንግዳ ወጥ በጠየቀ ቁጥር አዲስ ወጥ ቤት ትቀጠራለች፣ እሳት ታነዳለች፣ አንድ ጭልፋ ወጥ ሠርታ ትሰናበታለች። ለአሥር እንግዳ ያስኬዳል። ለሺህ እንግዳ ጓሮው ይቃጠላል። ማኩል ማዕከሉን ለቆ ሲሄድ ሶፍትዌሩ ባለቤት አጣ፤ ተጠቃሚዎቹ የየራሳቸውን ጥገና (ፓች) እየተለዋወጡ እ.ኤ.አ. በ1995 አፓቼ የተባለውን ሰርቨር አወጡ። ስሙ የመጣው ለአፓቼ ሕዝብ ካለ አክብሮት ነው የሚል አለ፤ «ባለ ብዙ ጥጋጥግ» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጨዋታ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ያምራል።

ወጥ ቤቷን በቋሚነት የመቅጠር ሐሳብ ጎልቶ የወጣው በጃቫ በኩል ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ጄምስ ዳንካን ዴቪድሰን የሚባል ሰው፣ እሳቷ ሳትጠፋ የምትጠብቅ ወጥ ቤት ጻፈ። ሰን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፓቼ ድርጅት ሰጠ፤ ቶምካትም ተባለ፤ አውራ ድመት ማለት ነው። ዴቪድሰን ስሙን የመረጠበት ምክንያት ደስ ይላል። የቴክኒክ መጻሕፍት ሽፋን ላይ የእንስሳ ሥዕል ይደረግ ስለነበር እንስሳ ፈለገ፤ ሲመርጥም ማንም ሳይጠብቀው ራሱን የሚችል እንስሳ ይሁን አለ። መጽሐፉ ሲወጣ ግን አውራ ድመት በሌላ መጽሐፍ ተይዞ ተገኘና ሽፋኑ ላይ የበረዶ ነብር ወጣ።

ራሱን የሚችል አውራ ድመት! ይህን ስም ያወጣለት ሰው ያቺን ጥቁር መስኮት ቢያያት ምን ይል ነበር?

ቶምካት ብቻውን ዌብ ሰርቨር መሆን ይችላል። ታዲያ ከፊቱ አሳላፊ ለምን ይቆማል? ዋናው ምክንያት የዩኒክስ አሮጌ ሕግ ነው። ከ1024 በታች ቁጥር ያላቸውን በሮች መክፈት የሚችለው የማሽኑ ጌታ፣ ሩት የሚባለው ተጠቃሚ ብቻ ነው። ዌብ ደግሞ 80 ቁጥር በር ላይ ነው፤ የተመሰጠረው 443 ላይ። ወጥ ቤቷን የቤቱ ጌታ ሥልጣን ሰጥቶ ማሠራት አደገኛ ስለሆነ 8080 ቁጥር በር ላይ፣ ከጓሮ፣ በተራ ሰው መብት ትሠራለች። ፊት ለፊት ያለው አሳላፊ ጥያቄውን ተቀብሎ ያስተላልፍላታል፤ ምስጢሩን ይፈታል፣ ሥዕልና ጽሑፍ ራሱ ያቀርባል፣ ሌባ ሲመጣም መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ለረጅም ዘመን አሳላፊው አፓቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢጎር ሲሶዬቭ የሚባል ሩሲያዊ ኤንጂንኤክስ የተባለውን ለሕዝብ ካወጣ ወዲህ ሥራውን በአብዛኛው እሱ ወርሶታል፤ በጥቂት ጉልበት በሺህ የሚቆጠር እንግዳ ስለሚያስተናግድ።

አፓቼና ቶምካት በጓሮ የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ 8009 ቁጥር በር ላይ። ብዙ ሰው በሩን ክፍት ትቶት ረሳው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ጎስትካት» የተባለ ክፍተት በዚያ በር ተገኘና ብዙ አስተዳዳሪዎች እንቅልፍ አጡ። ይህን እንለፈው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ጥር አካባቢ ነው፤ በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል። ጋይንትና ስማዳ ድረስ የደረሰበት መንገድ ግን የኢንተርኔት ካፌ መንገድ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) መንግሥት ወረዳኔት የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ወይ ግቢ የሳተላይት ሳህን ተተከለ፤ የወረዳ ባለሥልጣን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ እንዲሰበሰብ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበርን ደግሞ የዚያው ዘመን ልጅ የሆነውን ፕላዝማ እናስታውሰዋለን፤ ከሳተላይት የሚወርድ መምህር፣ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ የሚሄድ። በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች አይቤክስ የተባለ የበጀትና የሒሳብ ሲስተም ገባ። እንግዲህ ሰርቨር የሚባል ነገር ወደ ወረዳ ከተማ የገባው በቪዲዮ ስብሰባና በበጀት ተከልሎ ነው።

ወሬ ወደዚህ አገር አመጣጡ ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌ በአንቺም ጦርነት በወደቁ ጊዜ ደግሞ፣ ከቦምቡ በፊት ከአውሮፕላን የተበተነው የውግዘት ወረቀት ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልዲያ የሚወጣው የቻይና መንገድ የተሠራው በደርግ ዘመን ነው። ወደ ስማዳ ለመውረድ ከዚያ ዋና መንገድ መገንጠል ግድ ነው፤ ወገዳ ከደረሳችሁ በኋላም ቆላው እስከ በሽሎና እስከ አባይ ይቀጥላል።

በእነዚህ ወረዳዎች አንድ ጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የወሩን ሥራ በወረቀት ትመዘግባለች። ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት ተመረመረች፣ ስንት ሰው በወባ ታመመ፣ ስንት ሕፃን በምግብ እጥረት ተለይቶ ተላከ። ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ቁጥር እዚያ ጌጥ አይደለችም። ወረቀቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ደብረ ታቦር የዞን ጤና መምሪያ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። የጤናው ወር በ20 ይዘጋል፤ ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው። የመስከረም ሪፖርት ጳጉሜን ውጦ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከ20 በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በየጤና ጣቢያው ያለው ግርግር የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ይመስላል።

ይህን ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የማስገባት ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ከአፓርታይድ ማክተም ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሂስፕ የሚባል እንቅስቃሴ ተጀመረ። በዘር ተከፋፍሎ የነበረውን የጤና መረጃ አንድ ለማድረግ ታስቦ የተሠራው ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ ተባለ፤ በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የቆመ ነበር፤ ማለትም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢትዮጵያ አመጡት፤ በጥቂት ክልሎችም ሞከሩት። ያኔ አልያዘም። አገሪቱ ሌሎች ሶፍትዌሮችን ይዛ ለዓመታት ሄደች።

በመካከሉ ኦስሎ ላይ ሶፍትዌሩ እንደገና ተጻፈ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተሠራው ዲኤችአይኤስ2 በጃቫ ነው፤ በብሮውዘር የሚከፈት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ ኬራላ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 አገሪቱን በሙሉ በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ አደረገች። ይህ ሲስተም በቶምካት ውስጥ ይኖራል፤ ከኋላው ፖስትግሬ የሚባለው ዳታቤዝ አለ፤ ከፊቱ እንዲቆሙ የሚመከሩት ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቼ ናቸው። አሳላፊ፣ ወጥ ቤት፣ ጓዳ። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዕቅድ «የመረጃ አብዮት» የሚል ምዕራፍ ነበረው፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዲኤችአይኤስ2 በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘረጋ፤ ያ ከ15 ዓመት በፊት ያልያዘው ሶፍትዌር ዘር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አሥራ ሦስት ወር ያለውን የእኛን ዘመን አቆጣጠርም ተማረ። ፕሮግራመር ወዳጆች ካሏችሁ ይህ ቀላል ሥራ አለመሆኑን ጠይቋቸው።

ኢንተርኔት ላለበት፣ ብሮውዘር ከፍቶ መሐል አገር ባለው ሰርቨር ላይ መጻፍ ነው። ኢንተርኔት ለሌለበት ግን ኦፍላይን የሚባል መንገድ ተቀየሰ፤ ሲስተሙ በሙሉ እዚያው ባለ ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል፣ መረጃው ይገባል፣ ከዚያ በፋይል ወጥቶ ወደ ላይ ይላካል። በወሬ ደረጃ ሲሰማ ትንሽ ነገር ነው። ልብ ብሎ ለሚያየው ግን ትልቅ ሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ በጄኔሬተርና በማቀዝቀዣ ታጅቦ ይኖራል ተብሎ የታሰበው ሦስትዮሽ፣ አሳላፊው፣ ወጥ ቤቷና ጓዳው፣ ተጨማምቆ አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ገባ ማለት ነው። አስተዳዳሪውም ኮምፒዩተር ሳይንስ ያጠና ኢንጂነር ሳይሆን፣ ሪፖርትም የሚሠራ፣ ክትባትም የሚያስተባብር፣ ስብሰባም የሚሄድ አንድ የመረጃ ባለሙያ ሆነ።

ጥቁሯ መስኮትም እዚህ ተወለደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶምካትን በእጅ ስታስነሱት የእናንተ ልጅ ይሆናል። እናንተ ከወጣችሁ አብሮ ይወጣል። ይህ ሕግ ከስልክ ዘመን የመጣ ነው። ድሮ ሰው ከትልቁ ኮምፒዩተር ጋር የሚገናኘው በስልክ መስመር ነበር፤ ስልኩ ሲዘጋ ኮምፒዩተሩ «ሰውየው ሄዷል» ብሎ የጀመራቸውን ሥራዎች ሁሉ ይገድላል። የግድያው ምልክት እስከ ዛሬ በዩኒክስ «ሃንግ አፕ» ይባላል፤ ስልክ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ያቺን ጥቁር መስኮት የዘጋ ሰው ሳያውቀው ስልክ ዘግቷል። ደጋግሞ የሚሄደው መብራት ደግሞ ሁሉንም በአንዴ ይዘጋል። ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ይነሳል፤ ሲስተሙ ግን አይነሳም። የሚያስነሳው ሰው አልመጣማ!

መፍትሔው ከችግሩ በፊት የተወለደ መሆኑ ነው የሚገርመው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ፣ ፕሮጀክት ማክ በሚባል ሥራ ላይ የነበሩት የፈርናንዶ ኮርባቶ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ከጀርባ ሆነው ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ጻፉ። ስማቸውን «ዲመን» አሏቸው፤ ጋኔን ማለት ነው። ስሙን የወሰዱት ማክስዌል ከሚባለው ፊዚሲስት ምናብ ነው፤ እሱ ያሰበው ጋኔን በር ላይ ቆሞ ሳይታክት ሞለኪውሎችን ይለያል። ጋኔን መሳብ የደብተራ ሥራ ነው ተብሎ በሚታማበት አገር ላደግን ሰዎች ስሙ ትንሽ ይከብዳል። ዊንዶውስ ይህንኑ ነገር «ሰርቪስ» ይለዋል፤ አገልግሎት። ይሄኛው ለቤተ ክህነትም ይመቻል።

ዩኒክስ ላይ ማሽኑ እንደተነሳ መጀመሪያ የሚነቃ ኢኒት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ቁጥሩ 1 ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚቀሰቅሳቸው ለአሥርት ዓመታት የሚነገረው በቁጥር ነበር። ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ ትንሽ ስክሪፕት ትጽፋላችሁ፤ ስሙ ላይ ቁጥር ትለጥፋላችሁ፤ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይነሳል። ጓዳው 20፣ ወጥ ቤቷ 80፣ አሳላፊው 90። ያስኬዳል፤ ነገር ግን ኢኒት ቀስቅሶ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አያይም። ወጥ ቤቷ እኩለ ሌሊት ላይ ራሷን ስታ ብትወድቅ እስከ ጠዋት የሚያነሳት የለም። አሳላፊው ግን ደህና ነው! እንግዳውን በፈገግታ ይቀበልና ወደ ጓሮ ሄዶ፣ መልስ አጥቶ ሲመለስ «502» ይላል። ባድ ጌትዌይ የሚባለው ነጭ ገጽ ይህ ነው። «ጓሮ ሰው የለም» ማለት ነው። 504 ከሆነ ደግሞ «ሰው አለ ግን ወጡ ዘገየ፤ መጠበቅ ሰለቸኝ»።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ የሚባሉ ሁለት ጀርመን አገር የሚሠሩ ሰዎች ሲስተምዲ የተባለ ነገር አመጡ። የሊኑክስ ዓለም ስለዚህ ጉዳይ የተሰዳደበው ስድብ ቢሰበሰብ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። ሆኖም ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተቀበሉት። ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ አጭር ፋይል ትጽፋላችሁ። በዚህ ተጠቃሚ ስም አስነሳው፤ ዳታቤዙ ከተነሳ በኋላ አስነሳው፤ ከወደቀ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ እንደገና አስነሳው፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር አስነሳው። ከአሥር የማይበልጡ መስመሮች ናቸው። ወረቀቱ ላይ የነበረው «አይዘጋ» ተቀድዶ ሊጣል ይችላል።

ሊጣል ይችላል አልኩ እንጂ ነገሩ እንደተባለው አይጣልም። «ከዚህ በኋላ አስነሳው» የሚለው ትእዛዝ ቅደም ተከተልን ብቻ ነው የሚያዘው፤ ወጥ ቤቷ እሳት ማንደድ ጀመረች እንጂ ወጡ ደረሰ ማለት አይደለም። ዲኤችአይኤስ2 ከባድ ነው፤ አቅሙ ደከም ያለ ኮምፒዩተር ላይ ተነስቶ እስኪዘጋጅ ደቂቃዎች ይወስድበታል። አሳላፊው በሴኮንድ ይነሳል። መብራት በመጣ በሁለተኛው ደቂቃ ብሮውዘር የከፈተ ሰው 502 ያያል፤ «ተበላሽቷል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራዋል፤ ወጥ ቤቷ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። በእኔ ግምት በየወረዳው «ሲስተሙ አይሠራም» ተብሎ ከሚነገረው ውስጥ ቀላል የማይባለው ትዕግሥት ማጣት ነው። አንድ «ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ» የሚል ገጽ በ502 ፋንታ ቢቀመጥ ብዙ ያሻሽል ነበር። ኤንጂንኤክስ ይህን በሁለት መስመር ይፈቅዳል። ይህን የሚያሳይ ሥልጠና ግን ከሪፖርት ቅጽ አሞላል ሥልጠና በኋላ፣ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ አበል እየተከፈለ እያለ ነው የሚመጣው፤ ከመጣ።

ሌላም አለ። ሰርቨር ዝም ብሎ የሚኖር የሚመስለው ሰው ወረዳ ሲከፈል ይየው። ከእስቴ አንዳቤት፣ ከስማዳ ሰዴ ሙጃ ሲወጣ፣ ጤና ጣቢያዎቹ ሲስተሙ ውስጥ ካሉበት ግንድ ተነቅለው ወደ ሌላ ግንድ ይተከላሉ። ይህ መሐል ባለው ሰርቨር ላይ አንድ ጊዜ ይሠራል። ኦፍላይን ያለው ዴስክቶፕ ግን አሮጌውን ካርታ ይዞ ይቀራል፤ ሰው ሄዶ እስኪያድሰው።

እስካሁን ያወራነው መብራት ሄዶ ስለሚመጣበት ቀን ነው። መብራቱም ሰውየውም የማይመጡበት ቀን አለ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀናት ያዙ። በዚያች ከተማ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከተጎጂዎቹ አንደበት ጽፎታል፤ ያንን እዚህ በሰርቨር ወሬ መሐል አሳጥሬ አላልፈውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን በዚያው ሪፖርት ያለው ሌላው እውነት ነው። ሆስፒታሉ ተጎድቷል፣ ተዘርፏል፤ ተጎጂዎቹ የሚገባቸውን ሕክምና ያጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ኮምፒዩተር ከተዘረፈ በውስጡ ያለው አሳላፊ፣ ወጥ ቤትና ጓዳ አብረው ይሄዳሉ። ሲስተምዲ የወደቀ ፕሮግራም ያነሳል እንጂ የተወሰደ ማሽን አያስመልስም።

«እንግዲያው ሁሉም መሐል አገር ይሁን» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንደዚያ ለማለት ይቃጣኛል። ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር በዚያ ጊዜ ደህና ነበር። ምትኩ አለ፣ ጄኔሬተሩ አለ፣ የሚያስነሳው አገልግሎት አለ። ወገዳ ላለ ጤና ጣቢያ ግን ያ ሰርቨር ጨረቃ ላይ ቢሆን ልዩነት የለውም። ዴስክቶፕ ላይ ያለው፣ የተናቀው፣ ሦስቱንም ተሸክሞ የሚያቃስተው ኦፍላይን ሲስተም እንዲህ ባለ ወር ብቻውን ይቀራል። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ የሚሄድበትም መንገድ ካገኘ።

ይህ አገር መረጃን በሌላ መንገድ ሲያቆይ የኖረ መሆኑን ማለፍ አይቻልም። የድጓው ቤተልሔም በጋይንት ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም በዚሁ በደቡብ ጎንደር። ከሌላ አገር የተማረ መርጌታ ቤተልሔም መጥቶ ካላስመሰከረ ድጓው ሙሉ አይባልም። አሠራሩ ሲታይ ዋናው ቅጂ አንድ ቦታ ነው፤ ሌሎቹ ቅጂዎች በሰው ራስ ውስጥ ሆነው በአገሩ ሁሉ ይዞራሉ፤ በየጊዜው ደግሞ ወደ ዋናው ተመልሰው ይነጻጸራሉ። የዳታቤዝ ሰዎች ለዚህ ረጃጅም ስም አላቸው። የቆሎ ተማሪ ግን ኮሮጆውን አንግቶ ሲሄድ ኔትወርክ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ አልገፋውም፤ ድጓ በየወሩ 20 አይቀየርም።

ኦፍላይኑም ኦንላይኑም ሲጠፋ የቀረው ያው የመጀመሪያው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መዝገብ። ከሁሉም በፊት የተጻፈው እሱ ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ ማስነሳት አይፈልግም። መስመር ሲመለስ፣ ወይም አዲስ ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ ያለፉት ወራት ቁጥሮች ከመዝገቡ እየተነበቡ መግባት ይችላሉ። ዲኤችአይኤስ2 ይህን ይቀበላል፤ ያለፈ ወር መርጦ ማስገባት ነው። ሲስተሙ ሁለት ነገር ለየብቻ ይቆጥራል። አንደኛው ሪፖርቱ ገብቷል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው በጊዜው ገብቷል ወይ። የነሐሴ 2013 ሪፖርት ከወራት በኋላ የሚያስገባ ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ረድፍ «ገብቷል» ተብሎ ይቆጠርለታል። በሁለተኛው ረድፍ ደግሞ ዘግይቷል። ምክንያቱን የሚጽፉበት ቦታ ረድፉ ላይ የለም።